የመጀመሪያው ውሃ
ጎረቤታችን ለንፍሮ የገዙትን ስንዴ ሲያጥቡ የመጀመሪያው ውሃ ወተት መስሎ ይወርዳል። «አቧራ ነው» ይላሉ እሳቸው፤ እኔ ደግሞ ዓይኔ የሚያርፈው በሳፋው ጠርዝ ላይ ተጋግሮ በሚቀረው ነጭ ነገር ላይ ነው። ነቀዝን ፈርቶ እህል ላይ ማላታዮን የተባለ መድኃኒት የሚነሰንስ ሞልቷል። እርግጥ ነው፣ አሽቶ ማጠብ ላይ ላዩን ያለውን ያነሳል። ግን መድኃኒቱ ቅባት ስለሚወድ ሲሰነብት ወደ ቅርፊቱ ይሰርጋል፤ ያን ጊዜ እጥበት ብዙም አይፈይድም። መቀቀል ይሻላል፤ ሙቀት ማላታዮንን ይሰባብረዋል፣ ሌላው ፀረ-ተባይ ዲዲቲ ግን እንዲህ በቀላሉ እጁን አይሰጥም። የቀቀሉበትን ውሃ መድፋት እንግዲህ ወግ ብቻ አይደለም። ስንዴውን ለጤና ብሎ ከነፍሩሽካው የሚያስፈጭ ሰው ደግሞ ያሳዝነኛል፤ ቅሪቱ በብዛት የሚገኘው እዚያው ፍሩሽካው ላይ ነውና። (ጤፍ በብዙ ቤት ውሃ ሳይነካው ወፍጮ ይገባል፤ ደግነቱ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም።) ጆንያ ውስጥ የሚከተተው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ነገሩ ሌላ ነው፤ የሚለቀው ጋዝ ከእህሉ የሚወጣው በማናፈስ ነው፣ ሰው በሚተኛበት ቤት ከሆነ ደግሞ ነፍስ ያጠፋል። እኔን የሚያበሳጨኝ ግን ጣጣው ሁሉ ሳፋው ላይ ላጎነበሰችው ሴት መተዉ ነው። ነጋዴው «ምን ነስንሰህበታል? መቼ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም፤ የሚጠየቀው የኩንታሉ ዋጋ ነው።