የካርድ ዋጋ በገሃድ ይጻፍ

ክሬዲት ካርድ በተስፋፋበት በአሜሪካ አገር፣ ሸማቹ መቶ ዶላር ሲከፍል ነጋዴው መቶ ዶላር አይቀበልም፤ እንደ ካርዱ ዓይነትና እንደ ንግዱ ሁኔታ ከመቶው ሁለት ወይም ሦስት ዶላር ያህል በመካከል ይቀራል፤ ከዚህም ዋናው እጅ ካርዱን ለሰጠው ባንክ፣ የቀረው እንደ ቪዛና እንደ ማስተርካርድ ላሉት ኩባንያዎችና ሂሳቡን ለሚያስተላልፈው ድርጅት ይደርሳል። ይህን ወጪ ማን ይሸከመው የሚለው ነገር የገበያ ጥቃቅን ጕዳይ ቢመስልም፣ ረጋ ብሎ ለሚመረምረው ሰው የርትዕና የፍትሕ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል፤ ነጋዴው ወጪውን ለይቶ እንዳያሳይ በተከለከለ ጊዜ በመደርደሪያው ላይ ባለው ዕቃ ሁሉ ዋጋ ውስጥ አዋሕዶ ስለሚያስገባው፣ ካርድ የሌለውና በላቡ ያገኘውን ጥሬ ገንዘብ ቈጥሮ የሚከፍለው ድኻ፣ ባለጸጋው በካርዱ ለሚያጠራቅመው የአውሮፕላን ጉዞ ነጥብ ሳያውቅ ይገብራል።

በቦስተን የሚገኘው የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በ2010 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጠራለሁ) ባወጣው ጥናት፣ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል አንድ ቤተሰብ በዓመት በአማካይ 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች እንደሚያስተላልፍ፣ በካርድ የሚጠቀም አንድ ቤተሰብ ደግሞ ከጥሬ ገንዘብ ከፋዮች 1,133 ዶላር እንደሚያገኝ የኢኮኖሚ ሊቃውንቱ ገምተዋል። ምጽዋት ካለው ወደ ሌለው ይወርዳል፤ ይህ ግን ከሌለው ወደ ካለው ይወጣል፤ ሰጪውም መስጠቱን አያውቅም።

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1976 ነጋዴዎች በካርድ በሚከፍል ሰው ላይ ጭማሪ እንዳያስከፍሉ ሲከለክል፣ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ቅናሽ ማድረግን ግን አልነካም፤ ያ ክልከላ ዘመኑ አልቆ በ1984 ሲቀር፣ የኒው ዮርክ ግዛት ይህንኑ የሚመስል ሕግ በራሷ ዐወጀች። በዚህ ሕግ መሠረት፣ አንድ ጠጕር አስተካካይ «ዋጋው 10 ዶላር ነው፤ በካርድ ለሚከፍል ከመቶ 3 ይጨመርበታል» ብሎ ቢጽፍ ጥፋተኛ ሲሆን፣ ዋጋውን 10 ዶላር ከ30 ሳንቲም አድርጎ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል 30 ሳንቲም ቢቀንስ ግን ንጹሕ ነበር፤ ከሸማቹ ኪስ የሚወጣው በሁለቱም መንገድ አንድ ነው። ሰው ከቀረበት ቅናሽ ይልቅ የተጫነበት ጭማሪ እንደሚከብደው የካርድ ኩባንያዎች ጠንቅቀው ያውቁ ስለ ነበር፣ ልዩነቱ በቅናሽ መልክ ብቻ እንዲቀርብ ይሹ እንደ ነበር የኢኮኖሚ ሊቁ ሪቻርድ ቴለር በ1980 ጽፎአል፤ እኔም ክልከላው ለሸማቹ የታሰበ ጥበቃ ነው የሚለውን ክርክር ያልተቀበልሁት በዚህ ምክንያት ነው። አምስት ነጋዴዎች በሕጉ ላይ ክስ አቅርበው ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜ፣ ፍርድ ቤቱ በፕሬዚዳንቱ በጆን ሮበርትስ ቃል መጋቢት 29 ቀን 2017 በሰጠው ፍርድ ሕጉ ነጋዴው ዋጋውን የሚገልጽበትን ንግግር የሚገዛ መሆኑን አስታውቆ፣ ክርክሩ እንደገና እንዲመረመር ወደ በታች ፍርድ ቤት መለሰው።

ከዚህ ሁሉ ሙግት በኋላ የካቲት 11 ቀን 2024 በሥራ ላይ የዋለው የኒው ዮርክ ሕግ፣ በእኔ አስተያየት፣ ሌሎች ግዛቶች ሊከተሉት የሚገባ ነው። ነጋዴው በካርድ የሚከፈለውን ሙሉ ዋጋ በዶላርና በሳንቲም አስቀድሞ እንዲጽፍ፣ ቢሻም የጥሬ ገንዘቡን ዋጋ በአጠገቡ እንዲያኖር ያዝዛል፤ ጭማሪውም ነጋዴው ራሱ ለካርዱ ከሚጠየቀው ወጪ እንዳይበልጥ ይወስናል፤ የተላለፈ እስከ 500 ዶላር ይቀጣል። እንግዳው ተመግቦ ከጨረሰ በኋላ በደረሰኙ ግርጌ ከመቶ ይህን ያህል ተጨምሯል የሚል ጽሑፍ ማግኘቱ፣ የመምረጥ መብቱ ካለፈ በኋላ የተነገረው ነገር ስለ ሆነ በደል ነው፤ ከመቶ ሁለት ተኩል የሚያወጣ ነጋዴ አራት ቢያስከፍል ደግሞ ወጪውን መተካቱ ቀርቶ በካርዱ ስም የሰው ገንዘብ መውሰዱ ነው።

ብሪታንያ ከጥር 13 ቀን 2018 ጀምሮ በሸማቾች የግል ካርድ ላይ ጭማሪን ስለ ከለከለች እንደ እርስዋ እናድርግ የሚሉ አሉ፤ እነዚህ ሰዎች ግን የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባወጣው ደንብ ካርድ ሰጪው ባንክ ከእያንዳንዱ ግብይት የሚወስደውን ለዴቢት ካርድ ከመቶ 0.2፣ ለክሬዲት ካርድ ከመቶ 0.3 ላይ አስቀድሞ መወሰኑን ይዘነጋሉ። በአሜሪካ ከ2011 ጀምሮ ገደብ የተደረገለት የታላላቅ ባንኮች የዴቢት ካርድ ብቻ ሲሆን (በአንድ ክፍያ 21 ሳንቲምና ከመቶ 0.05 ያህል)፣ ክሬዲት ካርዱ ልጓም የለውም። ስለዚህ ማሳቹሴትስና ኮነቲከት እንዳደረጉት ወጪውን ሳይገድቡ ጭማሪውን ብቻ መከልከል፣ ጭነቱን እንዳለ ትቶ ተሸካሚውን ዝም ማሰኘት ይሆናል፤ ኮንግረስ አስቀድሞ በክሬዲት ካርዱ ላይ ገደብ ያድርግ፤ የመከልከሉ ነገር ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል።

በዋሽንግተንና በአካባቢው ምግብ ቤትና መደብር የያዙት ወገኖቻችን የኒው ዮርኩን ሥርዐት ሕግ እስኪያስገድዳቸው ሳይጠብቁ ቢይዙት መልካም ነው፤ የቤንዚን ማደያዎች የጥሬ ገንዘቡንና የካርዱን ዋጋ በትልልቅ ቍጥር ጐን ለጐን ሲጽፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋልና፣ በምግብ ዝርዝር ላይ እንዲሁ ማድረግ አይከብድም። ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚያሻው የዴቢት ካርድ ነገር ነው፤ የካርድ ኩባንያዎቹ ደንብ በዴቢት ካርድ ላይ ጭማሪ መጣልን ይከለክላል፤ ነገር ግን የካርድ መቀበያው መሣሪያ ካርዱን ሳይለይ በሁሉም ላይ እንዲጨምር ተደርጎ ሊሰናዳ ስለሚችል፣ ነጋዴው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ይህን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል፤ ያለዚያ ከደመወዝዋ በቀር ሌላ የሌላት እኅታችን፣ በባንክ ባስቀመጠችው በገዛ ገንዘብዋ እየከፈለች፣ ያልተበደረችውን የብድር ካርድ ወጪ ትከፍላለች።