እምቦጩን አየን፣ መረቡንስ?

ጣና ሲባል እምቦጭ ትዝ የማይለው የኔ ዕድሜ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፎቶውን ሼር አድርገናል፣ ሃሽታግ ለጥፈናል፤ ጥሩ ነው። ከአረሙ ሥር፣ ውኃው ውስጥ ስላለው ጉዳይ ግን ብዙ ሲወራ አልሰማም።

ጉዳዩ ዓሣ ነው። ቢልጫ የምንለው፣ ሳይንሱ ላቤዮባርበስ የሚለው። የጣና ቢልጫ አንድ ዓይነት ዓሣ እንዳይመስላችሁ፤ 15 ዝርያ ነው፤ አብዛኞቹም ከዚያ ሐይቅ ውጪ የትም የሉም። እንዴት መጡ? እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ የዓባይን መውጫ ዘጋና ውኃው ተጠራቀመ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ቁመቱ 40 ሜትር ገደማ ስለሆነ የታችኞቹ የናይል ዓሦች ሊወጡት አልቻሉም። ወንዝ የለመዱት የላይኞቹ ሰፊ ባዶ ቤት አገኙ። አንዱ ጥልቁን ያዘ፣ ሌላው ዳርቻውን፤ በትውልድ ብዛት አፋቸውም ቁመናቸውም ተለያየ። እኔን የሚገርመኝ ግን ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ መሆናቸው ነው። የዚህ ቤተሰብ ዓሣ እኮ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም! ቦታው ክፍት ነበር፣ ያለ ጥርስም ገቡበት። (ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይሄ የገበያ ክፍተት ነው።)

ከሐይቁ ወለል የወጣ ደለል እንደሚያሳየው ጣና ከ15 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ ነበር። የዛሬው ሐይቅ የሞላው ከዚያ ወዲህ ነው። በምድር ዕድሜ ሲታይ ትናንት ማለት ነው፤ ለእኛ ግን ከአክሱም ዘመን ብዙ እጥፍ ይርቃል።

ለማጥፋት ይህን ያህል ጊዜ አያስፈልግም። ፊሊፒንስ ያለው የላናዎ ሐይቅ የራሱ ብቻ የሆኑ 17 የዚሁ ቤተሰብ ዝርያዎች ነበሩት። በ2020 እ.ኤ.አ. 15ቱ ጠፍተዋል ተባለ። ከውጪ የገቡ አዳኝ ዓሦችና ልጓም የሌለው ማስገር ጨረሷቸው።

ጣናስ? በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። በ1990ዎቹ ውስጥ ብቻ የቢልጫው ክምችት ሦስት አራተኛው ያህል አለቀ። ከ15ቱ ቢያንስ ሰባቱ ክረምት ላይ እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ያሉትን ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ መረቡም የሚጠብቃቸው እዚያው ወንዙ አፍ ላይ ነው። ገበሬ ክረምት ቢከፋበትም ለዘር ያስቀመጠውን እህል አይነካም። እኛ የምንበላው ዘሩን ነው።

አስጋሪውን ብቻ መውቀስ ግን አይዋጥልኝም። ዓሣው ተሰብስቦ በሚመጣበት ወር፣ ቤቱ እህል ባለቀበት ወር፣ «ተው» የሚለው ሰው ምን ሊያበላው ነው? የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። አዋጅ ልጅ አያበላም። የኔ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ነሐሴና መስከረም የወንዞቹ አፍ ይዘጋ፣ ለአስጋሪው የሁለት ወር ገቢው ይከፈለው። ገንዘቡ ከሐይቁ ከሚያተርፈው ሁሉ ይምጣ፤ ከሆቴሉም፣ ከአስጎብኚውም፣ ከዓሣ ነጋዴውም።

እስከዚያው ነሐሴ ላይ ባሕር ዳር ሄዳችሁ ዓሣ ጥብስ ካዘዛችሁ፣ ከየት እንደተያዘ አስተናጋጁን ጠይቁት።