እግሩ የማን ነው?

ሱሉልታ ቡና ለመጠጣት ቁጭ ካላችሁ ሁለት ነገር አታጡም፤ ብርድና የሩጫ ኤክስፐርት፡፡ ብርዱስ ከእንጦጦ ጀርባ ስለሆንን ነው፡፡ ኤክስፐርቱ ግን ከየት እንደሚፈላ እስካሁን አልገባኝም፡፡ ከታክሲ ወርዶ ካፌው በር እስኪደርስ ትንፋሽ ያጠረው ሰውዬ፣ ማኪያቶው እስኪመጣለት ድረስ የቀነኒሳ በቀለን ባት መርምሮ፣ ወኔውን መዝኖ፣ ጡረታ አስወጥቶት ይጨርሳል፡፡ «ቀኒ ድሮ ነው ያለቀለት፡፡ ትንሽ ሲያመው ያቋርጣል፡፡ የድሮዎቹ ቢሆኑ እግራቸው ተቆርጦም ይጨርሱ ነበር፡፡»

ሰበታ ብትሄዱ ያው ነው፤ ቡራዩም ያው፡፡ ወሬው መርካቶም ሀዋሳም ሊወራ ይችላል፡፡ እዚህ ሲወራ ግን ይለያል፡፡ እነዚህ ዛሬ ሸገር ከተማ ተብለው የተጠቃለሉ ከተሞች የአገሪቱ የሩጫ ጓዳ ናቸው፡፡ ማለዳ የሱሉልታ ሜዳና የሰበታ አስፋልት በሯጭ ይሞላል፡፡ ከእነዚያ ሯጮች ዘጠና ከመቶው ስማቸውን ማንም አያውቀውም፡፡ እናም ካፌ ውስጥ «ያቋረጠ ሁሉ ፈሪ ነው» ስትል፣ ቀነኒሳ አይሰማህም፡፡ አጠገብህ ሻይ የያዘው የ19 ዓመት ልጅ ግን ይሰማሃል፡፡

እንዲህ አይነት ልጅ አውቃለሁ፡፡ ከአርሲ መጥቶ ሱሉልታ አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይቶ ይኖር ነበር፡፡ ቅልጥሙን ያመው ጀመር፡፡ መጀመሪያ ከልምምድ በኋላ፣ ቀጥሎ በልምምድ መሀል፣ ከዚያ ተኝቶም፡፡ ለማን ይናገር? ክለቡ ውስጥ ኮንትራቱ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ ጓደኞቹ «ሴት ሆንክ እንዴ?» ይሉታል (እነ ደራርቱ ያሉበት አገር ውስጥ ይህ ስድብ መሆኑ ራሱ ይገርማል)፡፡ የህመም ማስታገሻ እየወሰደ ሮጠ፡፡ ምርጫ ውድድር ላይ አጥንቱ ተሰበረ፡፡ ዛሬ ቡራዩ ባጃጅ ይነዳል፡፡ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሜትዮሮሎጂ በፊት እግሩ ይነግረዋል፡፡ እሱ «ጠንካራ» ነበር፡፡ እንደ ካፌው መመዘኛ ፈተናውን አልፏል፡፡

እሺ፣ ወደ ክርክሩ እንግባ፡፡ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፡፡)

«አልቆለታል» የሚለውን ፍርድ ከመዝገቡ ጋር እናስተያየው፡፡ ቀነኒሳ በ2010 መጀመሪያ ባቱን ተጎድቶ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከውድድር ራቀ፡፡ በነሐሴ 2011 ዴጉ ላይ ተመልሶ 10,000 ሜትሩን አቋረጠ፡፡ «በቃ!» ተባለ፡፡ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብራሰልስ ላይ 26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሮጠ፤ የዚያ ዓመት የዓለም ፈጣን ሰዓት፡፡ በ2015 ዱባይ ማራቶን አቋረጠ፤ «በቃ!» በ2016 ለሪዮ ማራቶን ሳይመረጥ ቀረ፤ በዚያው ዓመት መስከረም በርሊንን በ2፡03፡03 አሸነፈ፡፡ በ2017 ዱባይ ላይ ገና ሲነሱ ወድቆ አቋረጠ፤ በርሊንም አቋረጠ፡፡ በ2018 አምስተርዳም ላይ 40 ኪሎ ሜትር አልፎ አቋረጠ፡፡ አሁንስ? አሁንማ የቀብር ድንኳኑ ተተከለ፡፡ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በመስከረም 2019፣ በርሊን ላይ 2፡01፡41 ገባ፡፡ ከኪፕቾጌ የዚያን ጊዜ የዓለም ሪከርድ የቀረችው ሁለት ሰከንድ ናት፡፡

ሁለት ሰከንድ! ያቺን ሁለት ሰከንድ ለማግኘት በቀቢጸ ተስፋ መሮጥ አያስፈልግም፤ እግር ያስፈልጋል፡፡ እግሩ የተረፈው ደግሞ «አቋረጠ» ተብሎ በተሰደበባቸው ቀናት ነው፡፡ አምስተርዳም ላይ የቀረችውን መንገድ እያነከሰ ቢጨርስ ኖሮ እኛ ለአንድ ቀን እናጨበጭብለት ነበር፤ በርሊንን ግን ላናይ እንችል ነበር፡፡

አሁን ሰውዬው ማኪያቶውን አስቀምጦ ዋና ካርታውን ይመዛል፤ አበበ ቢቂላ፡፡ ልክ ነው፡፡ አበበ በ1964 ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሳምንታት ብቻ አልፈው ቶኪዮ ላይ በ2፡12፡11 የዓለም ፈጣን ሰዓት አስመዝግቦ አሸንፏል፡፡ ኃይሌም በ2000 ሲድኒ የተረከዙ ጅማት እያመመው ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንዶች ቀድሞታል፡፡ ማንም አይክደውም፤ እኔም ሳየው ዛሬም ቆዳዬ ይነሳል፡፡

ግን ታሪኩን ግማሹ ላይ ለምን ትዘጋዋለህ? ኃይሌ ከሲድኒ በኋላ ቀዶ ጥገና አደረገ፤ ታክሞ፣ ጠብቆ፣ ቆይቶ ነው በ2007ና በ2008 የማራቶንን ሪከርድ በርሊን ላይ የሰበረው፡፡ በ2010 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት አቋረጠ፤ እዚያው ስሜቱ ገንፍሎ ሩጫ አቆምኩ አለ፤ ብዙ ሳይቆይ ሀሳቡን ቀየረ፡፡ የራሱን የወደፊት ዕጣ ኃይሌ ራሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ መወሰን ካልቻለ አንተ በአንድ ማኪያቶ እንዴት ወሰንከው?

አበበስ? ሜክሲኮ፣ 1968፡፡ እግሩ አጥንት ላይ ጉዳት ነበረበት፡፡ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ፡፡ አዎ፣ አበበ ቢቂላ አቋረጠ! ሁለት የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈ፣ በባዶ እግሩ ሮምን ያንቀጠቀጠ ሰው ወጣ፡፡ ወርቁን ማን አመጣው? ማሞ ወልዴ፡፡

ከ56 ዓመት በኋላ ያው ነገር ተደገመ፡፡ ለፓሪስ 2024 ሲሳይ ለማ ተመርጦ ነበር፤ በዚያው ዓመት ቦስተንን ያሸነፈ ሰው ነው፡፡ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ተጎዳ፡፡ ውድድሩ ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት ቦታውን ለተጠባባቂው ለታምራት ቶላ ለቀቀ፡፡ ታምራት በ2፡06፡26 በኦሊምፒክ ሪከርድ ወርቁን ይዞ መጣ፡፡ ሲሳይ በ«ጽናት» ስም ሙጭጭ ብሎ ቢሆን ኖሮ ወርቁን የምናገኘው ከየት ነበር? አንድ ሰው በኦሊምፒክ ዋዜማ «እኔ አልችልም፣ ሌላ ሰው ይሩጥ» ማለቱ ከ42 ኪሎ ሜትሩ ይከብዳል፡፡ ለዚህ ግን ካፌው ውስጥ ሲጨበጨብ አልሰማሁም፡፡

በዚያው ፓሪስ ቀነኒሳም ሮጧል፤ በ42 ዓመቱ፡፡ ከወራት በፊት በለንደን በ2፡04፡15 ሁለተኛ የወጣ ሰው ፓሪስ ላይ 39ኛ ሆኖ ጨረሰ፡፡ ልብ በሉ፤ ጨረሰ፡፡ «ማቋረጥ ፈሪነት ነው» ሲለን የኖረው ሰውዬስ ምን አለ? «ምን ሊሰራ ሄደ? ቤቱ አይቀመጥም?» ሲያቋርጥ ፈሪ፣ ሲጨርስ ሽማግሌ! ይሄ ሚዛን አይደለም፣ ወንፊት ነው፤ ምን ቢገባበት አይይዝም፡፡

ሰበታን አልረሳሁም፡፡ በ2021 የቶኪዮ ኦሊምፒክ የማራቶን ማጣሪያ የተሮጠው ሰበታ ነው፤ 35 ኪሎ ሜትር፡፡ ቀነኒሳ በምርጫው አካሄድ ሳይስማማ ቀረ፡፡ «ፈርቶ ነው» ተባለ፡፡ ያለፉት ሦስቱ ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ ነበሩ፤ ሦስቱም ጀግኖች፡፡ ሳፖሮ ላይ ሦስቱም አቋረጡ፡፡ በዚያ ሙቀት ከ100 በላይ ከተነሱት ሯጮች 30 ያህሉ አልጨረሱም፡፡ ሹራ ከአሥር ወር በፊት ኪፕቾጌ በተሸነፈበት ለንደን ያሸነፈ ልጅ ነው፤ ሌሊሳ በ2019 ዶሃ ላይ በዚያ ወላፈን የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ነው፡፡ እነዚህን «ወኔ የላቸውም» የሚል ሰው ወኔ ምን እንደሆነ መጀመሪያ ለራሱ ያስረዳ፡፡

«ታዲያ ደጋፊ አይናገር ነው የምትለው?» አትሉኝም? ይናገር እንጂ! እኔም እናገራለሁ፡፡ ስልቱን ተቹ፣ ምርጫውን ተቹ፣ ፌዴሬሽኑን ተቹ፡፡ ዓመቱን ሙሉ ውድድር እያሳደደ ታሞም የሚነሳ ሯጭ ካለ እሱንም ተቹት፡፡ ነገር ግን ህመምን ከስንፍና ጋር አትደባልቁ፡፡ አጥንት በድካም ብዛት ሲሰነጠቅ ከውጭ አይታይም፤ ደም የለም፣ እብጠቱም ትንሽ ነው፡፡ መድኃኒቱ እረፍት ነው፡፡ ካላረፈ ስንጥቁ ስብራት ይሆናል፡፡ የተረከዝ ጅማትም «ቻለው» ስለተባለ አይችልም፡፡ እነዚህ የወኔ ጥያቄዎች ሳይሆኑ የሐኪም ጥያቄዎች ናቸው፡፡

ብንከራከር የሚሻለን ጥያቄ ይሄ ነበር፤ የክለብ ልጅ ሲጎዳ ማን ያሳክመዋል? ታሞ ሲተኛ ደመወዙ ይቀጥላል ወይ? «አሞኛል» ሲል ቀጥሎ የሚሰማው «የት ጋ?» ነው ወይስ «በቃ ተወው»? ወጌሻው «ይረፍ» ሲል አሰልጣኙን ማን ያስገድደዋል? በዚህ ላይ አንድ ማኪያቶ ሳይሆን አንድ ጀበና ቡና ቢያልቅ አይቆጨኝም፡፡ የቀነኒሳ ስም በሪከርድ መዝገብ ተጽፏል፤ ካፌው አይነካውም፡፡ ስም የሌላቸው ግን ያላቸው ሁለት እግር ብቻ ነው፡፡

ያ የቡራዩ ባጃጅ ነጂ ባለፈው ሲያደርሰኝ የነገረኝ ነገር አለ፡፡ ያን ቀን፣ ምርጫው ላይ፣ አንድ ዙር ቀደም ብሎ አጥንቱ ሊሄድ እንደሆነ አውቆት ነበር፡፡ «ለምን አልወጣህም?» አልኩት፡፡

«ሰው እያየኝ?» አለኝ፡፡