እናቶቻችንን «ቁጭ በሉ» ማለት ይብቃን



በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። ልጆች ከጅዳ ወይም ከዱባይ የላኩት ጠርሙስ ይቀርብና «ይህ ለእናቴ አጥንት ይጠቅማል?» ይባላል። እኔም «እናትዎ ቀኑን እንዴት ነው የሚያሳልፉት?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አናሠራትም፤ ቁጭ ብላ ነው የምትውለው» የሚል ነው።

የወላጅን ሐቅ መጠበቅ ግዴታችን ነው። ከመቀመጫቸው እንዳይነሡ ማድረግ ግን ሐቃቸውን መጠበቅ አይመስለኝም። አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው። ክብደት ሲያርፍበትና ጡንቻ ሲስበው ይጠነክራል፤ ሥራ ሲፈታ ይሳሳል። በተለይ ሴቶች የወር አበባ ካቆመ በኋላ ባሉት ዓመታት መሳሳቱ ይፈጥንባቸዋል። የዳሌ ስብራት ደግሞ ብዙ አረጋውያንን ያለ ድጋፍ እንዳይራመዱ አድርጎ ያስቀራል።

ታዲያ ጠርሙሱስ? እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ25 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። እጥረት ይኑርባቸው አይኑርባቸው ሳይለይ ቫይታሚን ዲ የተሰጣቸው ሰዎች ካልወሰዱት ያነሰ ስብራት አልገጠማቸውም። ይህ ማለት ግን ቫይታሚኑ ለማንም አይረባም ማለት አይደለም። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በፀሐይ ነው፤ ቤት የሚውሉና ሲወጡ የሚሸፈኑ እናቶች ሊያንሳቸው ይችላል። እነርሱ ከአጅነቢ ዓይን በተከለለ ግቢ ክንድና እግራቸውን ገልጠው ፀሐይ ይሙቁ፤ እጥረት መኖሩን ሐኪም ካረጋገጠ ደግሞ ቫይታሚኑን ይውሰዱ።

«ከዕፅዋት የተሠራ» የሚል ጽሑፍም አያዘናጋን። ጥቁር አዝሙድ እንኳ የሰውን አጥንት ያጠነክራል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም፤ የስኳር መድኃኒት ለሚወስዱ ደግሞ ስኳራቸውን ከመጠን በታች ሊያወርደው ይችላል። ካልሲየም የእንቅርት መድኃኒት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግድ በመካከላቸው 4 ሰዓት ይሁን። የካፕሱሉ ሽፋን ምንጩ ያልታወቀ ጄላቲን ከሆነ በእንክብል መልክ የተዘጋጀውን ይጠይቁ።

ከጠርሙሱ በፊት ማዕዳችንን እንመልከት። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ይሰጣል። ከቅጠላ ቅጠል ጎመን ጥሩ ነው፤ ቆስጣ ግን በውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን አስሮ ስለሚያስቀረው ጎመንን አይተካም። የጤፍ ሊጥ መቡካቱም ሰውነት ማዕድኑን በቀላሉ እንዲያገኝ ያግዛል።

ወደ እንቅስቃሴው ስንመጣ፣ የሶላት መቆም፣ ሩኩዕና ሱጁድ መገጣጠሚያን ያፍታታሉ፤ ለአጥንት ግን ብቻቸውን በቂ ናቸው ብዬ አላምንም። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ቢያንስ በ3 ቀናት ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅና ጉልበት የሚያጎለብት እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ከወንበር 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሣት፤ ገንዘብ የሚጠይቅ አንዳች የለበትም። አከርካሪያቸው የተጎዳ ወይም ሲነሡ የሚያዞራቸው ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዛሬ ጀምሮ «እማ፣ አንቺ አትነሺ» ማለቱን ትተን «እማ፣ ተነሺ አብረን ደርሰን እንምጣ» እንበል። አላህ ወላጆቻችንን በጤና ያቆይልን፤ አሚን።