ለራስ ሲመረምሩ
«ሲሊንደሩ የራሴ፣ የምጠልቀውም እኔ፤ ለምን ሌላ ሰው ይመርምርልኝ?» ይላሉ አንዳንድ የስኩባ ጠላቂዎች። አሜሪካ ውስጥ ደንቡ ሲሊንደሩ በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት እንዲፈተሽ ያዛል፤ በየዓመቱ ቫልቩን ፈትቶ ውስጡን በዓይን ማየት ግን የሙያው ልማድ ነው። ታዲያ ባለቤቱ ራሱ ቢያየውስ?

እኛ ይየው ባዮች ነን፤ ዝገትና እርጥበት ቶሎ ይታወቃል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ 6351 ከተባለ የአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠሩት አንገታቸው ላይ ሊሰነጠቁ ይችላሉ፤ ያልሠለጠነ ዓይን ያንን ስንጥቅ ያልፈዋል። አብዛኞቹ የፈነዱትም አየር ሲሞላባቸው ነው። ያን ጊዜ አጠገባቸው የሚቆመው ደግሞ ባለቤቱ ሳይሆን የሚሞላው ልጅ ነው።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና፣ ለራስ ሲመረምሩም አያጠብቁም። ስለዚህ ባለቤቱ ይየው፤ «አልፏል» የሚለውን ስቲከር ግን የሠለጠነ ሌላ ሰው ይለጥፍ።