የውሸት ግጭት ዕዳ

ሁለት ባለመኪናዎች ተስማምተው የሚያደርጉት ግጭት አለ። አንዱ መድን የገባ ነው፤ የሌላው መኪና ከዚያ በፊት የተጎዳ ነው። ጭር ባለ መንገድ ላይ ቀስ ብለው ይነካካሉ፣ ትራፊክ ፖሊስ ይጠራል፣ ፕላን ይነሣል። ገጪው «ፍሬን እምቢ አለኝ» ብሎ ጥፋቱን ይወስዳል። ጋራዡ ድሮ የተሰበረውን ሁሉ የዛሬ ጉዳት አድርጎ ፕሮፎርማ ይሰጣል፤ ገንዘቡ ሲወጣ ይካፈሉታል። ከዚህ የቀለለም አለ፦ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ይገጭና ፈቃድ ያለው ወንድሙ «ስነዳ የነበርኩት እኔ ነኝ» ብሎ ቃል ይሰጣል። ይህን እንደ ወንጀል የማይቆጥር ሰው ብዙ ነው። «የድርጅት ገንዘብ ነው፤ ማን ይጎዳል?» ይሉናል።

የሚጎዳውን ሰው ማየት የፈለገ ወደ ዋግ ኽምራ ይምጣ። ከኮረም ወደ ሰቆጣ የሚወስደው መንገድ ተራራና ገደል ነው። በገበያ ቀን ሰው በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፍሮ ይሄዳል፤ እረኛው ፍየሎቹን በመንገዱ ያሻግራል። እዚህ ሰው ሲገጭ ካሜራ የለም፤ ምስክሩ ከማሳው ቀና ብሎ ያየ ገበሬ ነው። ሹፌሩ የሟች ዘመድ ደም እንዳይመልስበት ፈርቶ ይሰወራል፤ ሽማግሌዎች በመሃል ይገባሉ። ቤተሰቡ ከእርቁ በኋላም ቢሆን የሕግ ካሳ አለው። ግን ካሳውን ለማግኘት ከፖሊስ፣ ከሆስፒታልና ከፍርድ ቤት ወረቀት መሰብሰብ ይኖርበታል፤ የመድን ድርጅቶቹ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ አዲስ አበባ ነው።

ሕጉ ለዚህ ሰው አስቦለታል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ባለተሽከርካሪ ሁሉ መድን እንዲገባ ያስገድዳል። ሲወጣ ለተጎጂ እስከ 2,000 ብር አስቸኳይ ሕክምና ፈቅዶ ነበር። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው ደግሞ ካሳው ለዚሁ ከተቋቋመው የመድን ፈንድ እንዲከፈል አድርጓል። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያስቆጣኛል፦ አዋጁ ሲወጣ ለሞት ያስቀመጠው የካሳ ጣሪያ 40,000 ብር ሲሆን ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው 100,000 ብር ነበር። የተጨራመተ ብረት ከሞተ ሰው በላይ ገንዘብ ሊያስገኝ ይችል ነበር ማለት ነው። አጭበርባሪ ዓይኑን ወዴት እንደሚጥል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ሐቀኛው ተጎጂ ያለው ማስረጃ ሦስት ነው፤ የምስክር ቃል፣ የትራፊክ ፕላንና የሐኪም ወረቀት። የሐሰት ግጭት የሚያረክሰው እነዚህኑ ሦስቱን ነው። የተታለለ መድን ሰጪ በሚቀጥለው ማመልከቻ ላይ ሌላ ማስረጃ ይጨምራል፣ ሌላ መርማሪ ይልካል። አዲስ አበባ ያለው ባለመኪና ተጨማሪውን ወረቀት በአንድ ቀን ያመጣል። ከዝቋላ ወይም ከሰሃላ ወረዳ የምትነሣ ባሏ የሞተባት ሴት ግን ልጆቿን ለጎረቤት ትታ፣ የትራንስፖርት ተበድራ ነው የምትመላለሰው። የአጭበርባሪውን ዕዳ የምትከፍለው እሷ ናት።

ነገሩ ሲለመድ የት እንደሚደርስ አሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ላይ ታይቷል። እዚያ የተቀጠሩ ነጂዎች ሆን ብለው ከባድ መኪናዎችን እየገጩ፣ ጠበቆችም እየተባበሩ ካሳ ሲሰበስቡ ነበር፤ በርካታ ሰዎች ተከሰዋል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከተከሳሾቹ አንዱ፣ ከመርማሪዎች ጋር ይተባበር የነበረ ሰው፣ ቤቱ ድረስ ተሄዶ ተገደለ።

በእኛም አገር ሕግ አልጠፋም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ መድን ሰጪው ዋስትና የገባው ሰው ሆን ብሎ ላደረሰው ጉዳት እንደማይከፍል ይናገራል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል። መድን ሰጪዎች ሲያጋጥማቸው ክፍያውን ከልክለው ዝም ማለት የለባቸውም፤ ይክሰሱ። ማጭበርበርን ምክንያት አድርገው ሐቀኛውን ማንከራተትም በእኔ ሚዛን ከማጭበርበሩ አያንስም።

«እንዲህ በልልኝ» ተብለህ የምትለመን ሹፌር ወንድሜ፣ እምቢ በል። ፕላን የምታነሣ ትራፊክ ፖሊስ፣ ያላየኸውን አትጻፍ። የዋግ ሽማግሌዎችም ደም ስታደርቁ ለሟች ቤተሰብ የመድን ካሳ እንዳለው ንገሩት፤ ሹፌሩም የመድን ወረቀቱን በሽምግልናው ፊት እንዲያቀርብ አድርጉ።