ግድቡ ተመረቀ፤ የሶላር ገበያ ግን አልተዘጋም

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ሶላር ለሚያስመጣ ነጋዴ አንድ ከባድ ጥያቄ ተደቀነበት። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ባለበት አገር የፀሐይ መብራት ሸጦ ማትረፍ ይቻላል ወይ? ጥያቄው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግድቡ በሚገኝበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው። መልሱም የሚገኘው እዚያው ነው።

ጉባ ላይ የሚመነጨው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ በኩል አድርጎ ወደ ሆለታ ይጓዛል። እንዲህ ያለው መስመር ከሥሩ ላለው ጎጆ አምፖል አያበራም። ኃይሉ ወደ መንደር እንዲወርድ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ቆጣሪ ያስፈልጋል። ገንዘቡ የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው። ቤቶች ተራርቀው በተሠሩበት ቀበሌ በየወሩ የሚሰበሰበው የመብራት ሒሳብ የመስመሩን ወጪ አይመልስም። መንግሥትም ቢሆን ይህን አልሳተውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 65 በመቶውን በመስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆነ ኃይል፣ በተለይም በሶላር፣ እስከ 2017 ዓ.ም. ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ጊዜው አልፏል። ከሕዝቡ ገሚስ የሚጠጋው ግን ዛሬም መብራት የለውም። ለፖለቲከኛው ይህ ያልተሟላ ዕቅድ ነው፤ ለነጋዴው ግን ገበያ ነው።

ለመሆኑ ገዢው ማን ነው? በአሶሳ ዙሪያ ያለው ገበሬ ማሽላ፣ በቆሎ፣ አኩሪ አተርና ሰሊጥ ያመርታል፤ ማንጎም ይሸጣል። ወርቅ አጣቢውም አለ። የገበሬው ገንዘብ በዓመት አንዴ የሚመጣ ሲሆን፣ የወርቅ አጣቢው ግን ቶሎ ቶሎ ይገባል፤ ቶሎም ይወጣል። ሁለቱም ዛሬ ለጨለማ ይከፍላሉ። ባትሪ ድንጋይ ይገዛሉ፤ ስልክ ለማስሞላት ከተማ ድረስ ሄደው ሒሳብ ይሰጣሉ። ስለዚህ የሶላር ነጋዴው እውነተኛ ተፎካካሪ ግድቡ ሳይሆን ባትሪ ድንጋይ ነው። ሦስት አምፖልና የስልክ መሙያ ያለው ትንሽ ሶላር ከዓመት እስከ ዓመት ከሚወጣው ከዚህ ጥቃቅን ወጪ ጋር ሲተያይ ውድ አይደለም። ችግሩ የሶላሩ ዋጋ በአንድ ጊዜ መከፈሉ ነው።

ኬንያውያን ይህን ችግር በስልክ ፈቱት። ኤምፔሳ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ኤምኮፓ የተባለው ኩባንያ ሶላርን በዱቤ ማደል ያዘ። ገዢው ትንሽ ቀብድ ይሰጥና ቀሪውን በየቀኑ በስልኩ ይከፍላል፤ ሳይከፍል ከቀረ ዕቃው ራሱ ይቆለፋል። ዋስም ሆነ መያዣ አይጠየቅም፤ መያዣው ብርሃኑ ነውና። እኛ ዘንድ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ኤምፔሳም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ገባ። መሣሪያው አለ ማለት ነው። ይሁንና የኬንያን አሠራር እንዳለ ገልብጦ ለአሶሳ ገበሬ በየቀኑ ክፈል ማለት አያዋጣም። ለእሱ የሚስማማው በአዝመራ ወቅት ከፍ ብሎ በክረምት ዝቅ የሚል ክፍያ ነው። ይህን የሚያውቀው ደግሞ የአዲስ አበባው አስመጪ ሳይሆን ሰሊጡን ከገበሬው የሚገዛው የአካባቢው ነጋዴ ነው። ሁለቱ ካልተዋዋሉ ገበያው አይነሣም።

የአስመጪው ራስ ምታት የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የሶላር ሰሌዳ ዋጋ በዓለም ገበያ ከዛሬ 15 ዓመት በፊት ከነበረው በ90 በመቶ ያህል ቢወርድም፣ ርካሽነቱ ለገጠሩ ገዢ ሳይደርስ ምንዛሪው በመንገድ በላው። የሚያስቆጨው ሌላ ነው። ቶዮ የተባለው ኩባንያ በ2017 ዓ.ም. ሐዋሳ ውስጥ የሶላር ሴል ማምረት ጀምሯል፤ ምርቱ የሚሄደው ግን ወደ አሜሪካ ገበያ ነው። የአሶሳው ቸርቻሪ ሰሌዳ ከቻይና ያስመጣል፤ የሐዋሳው ሴል ደግሞ ባሕር ይሻገራል። ሴሉን በመስታወትና በፍሬም ገጣጥሞ ሰሌዳ ማድረግ ከሴል ማምረት እጅግ የቀለለ ሥራ ነው። መካከለኛ አቅም ያለው የአገር ውስጥ ባለሀብት ሊያስብበት የሚገባ ክፍተት ይመስላል።

ሶላር የድሃ ዕቃ ብቻ ነው የሚል ካለ ደብረ ዘይትን ይመልከት። በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ያሉት ሆቴሎችና በከተማዋ ዙሪያ ያሉት የዶሮ እርባታዎች መስመር አላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ወደ ናፍጣ ጀነሬተር ይሮጣሉ። በዚህ ላይ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ ተወስኗል። ፓኪስታን ውስጥ የታሪፍ ንረት ያስመረረው ደንበኛ በአውሮፓውያን 2024 ብቻ 17,000 ሜጋ ዋት ያህል ሰሌዳ ከቻይና እንዲገባ አድርጓል። ያም ሆኖ ማጋነን ደግ አይደለም። ጫጩት በሌሊት በሶላር ማሞቅ የሚፈልገው የባትሪ ብዛት ትርፉን ይበላዋል። ውኃ መሳብና የቀን ሥራ ግን ያለ ትልቅ ባትሪ ይከናወናል።

አሶሳ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ በመሆኑ፣ በበጋ ፀሐይ ተለክቶ የተሸጠ ሶላር ሐምሌ ላይ ያጨልማል። ቆላው ሙቀትም የሰሌዳውን ጉልበት ይቀንሳል። ፎርጅዱ ዕቃ የሚጋለጠው ያን ጊዜ ነው። አንድ መንደር አንዴ ከተታለለ ደግሞ ጥሩውንም ዕቃ አይገዛም፤ ሐቀኛው ነጋዴ የሌላውን ኃጢአት ይከፍላል። በሰሜን ሸዋ ሬማ ላይ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የተቋቋመው የሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን ከ2,000 በላይ ቤቶችን ሶላር ሲያስገባ፣ እዚያው የቴክኒሻኖች ትምህርት ቤትም ከፍቶ ነበር። ዕቃ ብቻ አራግፎ መመለስ እንደማያዛልቅ ገብቶት መሆን አለበት። ከአዲስ አበባ ከ660 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ለምትገኘው አሶሳ ይህ ይበልጥ ይሠራል፤ የተበላሸ መቆጣጠሪያ አዲስ አበባ ተልኮ እስኪመለስ ገዢው ዱቤውን መክፈል ያቆማል።

የክልሉ መንገድና ጸጥታም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺና በመተከል የነበረው ግጭት ንግዱን ለዓመታት ሽባ አድርጎት እንደነበር የሚዘነጋ የለም። በሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች አካባቢ የሚታደለው የዕርዳታ መብራትም ለቸርቻሪው ሁለት ፊት አለው፤ ዛሬ ሽያጩን ይቀማዋል፣ ነገ ግን ሶላር የለመደ ደንበኛ፣ ባትሪ የሚቀይር ደንበኛ ይተውለታል።

ዘንድሮ ለመግባት የሚያስብ አስመጪ ዕቃውን ጥቅምት ሳያልቅ አሶሳ ማድረስ ይኖርበታል። ሰሊጡ ተሽጦ ገበሬው እጅ ላይ ብር የሚኖረው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ጥር ላይ ሠርጉ ይወስደዋል።